የሴፍቲኔት ቅሬታን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ማቅረብ፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

የአካል ጉዳተኞች፣ የአረጋውያንና የአካባቢ ልማት ማኅበራት ስለ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) ክፍያ መዘግየት ወይም ስለ ተጠቃሚዎች አላግባብ መሰረዝ ለምክር ቤት ደብዳቤ ይጽፋሉ። አብዛኞቹ ምንም መልስ አያገኙም፤ ቀሪዎቹ ደግሞ «ጉዳዩ የሚመለከተው የክልሉን ቢሮ ነው» የሚል የሁለት መስመር ምላሽ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤዎቹ የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ ቅሬታው ሐሰት ስለሆነ ሳይሆን ኮሚቴው ሊሠራበት በማይችል መልክ ስለሚጻፉ ነው። ይህ መመሪያ በማኅበር ወይም በድርጅት ስም ለሚያመለክቱ ሰዎች የተዘጋጀ ቢሆንም የግል አቤቱታ ያለውም ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ኮሚቴው የሚችለውና የማይችለው

ቋሚ ኮሚቴ ገንዘብ አይከፍልም፤ የተሰረዘን ሰው ወደ መዝገብ አይመልስም፤ የወረዳ ኃላፊን ከሥራ አያነሳም። የሚችለው መጠየቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ እንዲወያይና አስፈላጊ መስሎ የታየውን ውሳኔ ወይም እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። የዕለት ተዕለቱን ክትትል የሚያከናውኑት ግን ቋሚ ኮሚቴዎቹ ናቸው፦ የሚኒስቴሮችን ዕቅድና ሪፖርት ይገመግማሉ፣ የመስክ ምልከታ ያደርጋሉ፣ ግብረ መልስ ይሰጣሉ።

እንግዲህ የእርስዎ ሥራ ኮሚቴው ሚኒስትሩን ፊት ለፊት የሚጠይቀውን ጥያቄ ከነማስረጃው አዘጋጅቶ ማቅረብ ነው። ደብዳቤዎ እንባ የሞላበት ቢሆንና ጥያቄ ባይኖረው አባላቱ ያዝናሉ እንጂ የሚይዙት ነገር አያገኙም።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩ የትኛውን መሥሪያ ቤት እንደሚመለከት ይለዩ

ብዙ ደብዳቤዎች የሚባክኑት እዚህ ላይ ነው። «ማኅበራዊ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተው ሁሉንም ነገር ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አይላኩ። መርሐ ግብሮቹ የተበተኑት በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ነው፦

- የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት በፌዴራል ደረጃ የሚመራው በግብርና ሚኒስቴር ስለሆነ ጥያቄው ለግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይቀርባል።
- በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በከተማ ዘርፍ ሚኒስቴር ሥር በመሆኑ የከተማ፣ መሠረተ ልማትና ትራንስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ይመለከታል።
- የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የጤና ጉዳዮችን የሚከታተለው ኮሚቴ ድርሻ ነው።
- የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲው አጠቃላይ አፈጻጸም፣ እንዲሁም የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሥራ ነው።
- ከኦዲት ግኝት ጋር የተያያዘ ነገር ሲሆን የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይጨመራል።

የኮሚቴዎች ስምና የሥራ ክፍፍል በየምርጫ ዘመኑ ስለሚለዋወጥ ደብዳቤውን ከማተምዎ በፊት ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውለው የወቅቱን ስም ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ጉዳዩ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል የሚለውን ይመልሱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 እና 52 መሠረት ፌዴራልና ክልል የየራሳቸው ሥልጣን አላቸው። አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ዘመዱን ከመዝገብ አስገብቶ ሌላውን ቢያስወጣ የፌዴራሉ ምክር ቤት የሚጠይቀው ሚኒስትር የለም፤ ቦታው የወረዳው ወይም የክልሉ ምክር ቤት ነው። የአመራረጥ መመሪያው ራሱ ለእንዲህ ዓይነት በደል በር የሚከፍት ከሆነ ወይም ችግሩ በብዙ ወረዳዎች በተመሳሳይ መልክ ከታየ ግን ጥያቄው ወደ ሚኒስቴሩ ይሄዳል።

*ከተሳሳቱ፦* ደብዳቤዎ «አይመለከተንም» ተብሎ ቢመለስ በዚያው አይተዉት። የተመለሰበትን ደብዳቤ ቅጂ አያይዘው ለትክክለኛው ኮሚቴ እንደገና ይላኩ፤ ለተከታዩ ኮሚቴ ጉዳዩ ስንት ደጅ እንደጠና ያሳያል።

ደረጃ 2፦ የታችኛውን የቅሬታ መንገድ ይጨርሱ

ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለቀበሌው አመልክታችሁ ነበር?» የሚል ነው። የገጠር ሴፍቲኔት የቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖረው የፕሮግራሙ አሠራር ያዝዛል። አቤቱታው በቃል ብቻ ቀርቦ ከሆነ አሁን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ አንድ ቅጂ በእጅዎ ያስቀሩ። ከዚያ ወደ ወረዳው ይሂዱ።

*የቀበሌው ኮሚቴ ካልተሰበሰበ ወይም ማመልከቻ አልቀበልም ካለ፦* የሄዱበትን ቀን፣ ያነጋገሩትን ሰው የሥራ ድርሻና የተሰጠዎትን መልስ በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ አብረው የነበሩ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት። የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በወረቀት ላይ ኖሮ በተግባር አለመኖሩ ራሱን የቻለ ግኝት ነው፤ እንዲያውም ከክፍያው መዘግየት ይልቅ ለምክር ቤት ጥያቄ የሚመቸው ይህ ነው።

የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ከሆነና የአስተዳደር በደል ካለበት የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ከቋሚ ኮሚቴ ይልቅ ይቀርባል። ተቋሙ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው፤ የግለሰብ አቤቱታ መመርመርም መደበኛ ሥራው ነው።

ደረጃ 3፦ ማስረጃውን በቀን ያደራጁ

እዚህ ላይ ጊዜዎን አይሰስቱ። «ክፍያ ይዘገያል» የሚል አረፍተ ነገር ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው ገንዘቡ በየትኛው እርከን ላይ ስንት ቀን እንደቆየ የሚያሳይ የቀን ዝርዝር ነው።

የገጠር ሴፍቲኔትን ክፍያ መንገድ ከታች ወደ ላይ ይከተሉ። መሥራት የሚችል ተጠቃሚ ለክፍያው በሚሠራው የማኅበረሰብ ሥራ ላይ የተገኘባቸው ቀናት በአቴንዳንስ (በመገኘት መቆጣጠሪያ) ይመዘገባሉ፤ አቴንዳንሱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይላካል፤ ወረዳው ፔሮል (የክፍያ ዝርዝር) ያዘጋጃል። ገንዘቡ ደግሞ በተቃራኒው ከገንዘብ ሚኒስቴር ወደ ክልል ፋይናንስ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይወርዳል። ሁለቱ መስመሮች ወረዳ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ መዘግየት ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ይኖሩታል፦ ወይ ገንዘቡ አልወረደም፣ ወይ ገንዘቡ ወርዶ ፔሮሉ አልተዘጋጀም። የመጀመሪያው ሚኒስቴርን ያስጠይቃል፤ ሁለተኛው በአመዛኙ የወረዳ ጣጣ ነው። ይህን ሳይለዩ ወደ ፌዴራል ምክር ቤት የሚሄዱ ከሆነ ሚኒስቴሩ «ገንዘቡን በወቅቱ ልከናል» ብሎ በአንድ አረፍተ ነገር ይገላገልዎታል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ፦

1. አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ የክፍያው ወር፣ ሥራው የተጠናቀቀበት ቀን፣ ፔሮሉ የጸደቀበት ቀን፣ ገንዘቡ ተጠቃሚው እጅ የደረሰበት ቀን፣ ለእያንዳንዱ ቀን ያለው ማስረጃ።
2. የመጨረሻውን ቀን ከተጠቃሚነት ካርድ፣ ከባንክ ደብተር ወይም ከስልክ መልእክት ይውሰዱ። ከቃል ብቻ የተገኘ ቀን ከሆነ «በቃል የተነገረ» ብለው ይጻፉበት፤ አይደብቁት።
3. ከአንድ ቀበሌ ብቻ አይሰብስቡ። ከተለያዩ ወረዳዎች የተገኙ ጥቂት የተጣሩ ካርዶች ከአንድ ቀበሌ ከተገኙ መቶ ፊርማዎች ይበልጣሉ።
4. ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙትን (መሥራት የማይችሉ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና የታመሙትን) ከማኅበረሰብ ሥራ ተሳታፊዎች ለይተው ያስቀምጡ። የሁለቱ ክፍያ ሥርዓት ስለሚለያይ ሲደባለቁ ሠንጠረዡ በሙሉ ተዓማኒነቱን ያጣል።
5. ጉዳዩ መሰረዝ ከሆነ ሰውየው «ተመርቋል» (ራሱን ችሏል) ተብሎ የወጣ ነው ወይስ በመዝገብ ማጣራት የተቀነሰ የሚለውን ይለዩ፤ ስሙ ሲነሳ በይፋ ተለጥፎ ወይም ተነብቦ እንደነበርም ይጠይቁ።

*ማስጠንቀቂያ፦* የተጠቃሚዎችን ስም፣ የስልክ ቁጥርና የካርድ ቁጥር በዋናው ሰነድ ላይ አይጻፉ። «ተጠቃሚ ሀ፣ ተጠቃሚ ለ» እያሉ መለያ ይስጡ፤ ስሙ ያለበት ዝርዝር በማኅበሩ ካዝና ይቀመጥ። በሴፍቲኔት የሚኖር ሰው ስሙ ወረዳው ጠረጴዛ ላይ ከተገኘ በሚቀጥለው ምልመላ ምን እንደሚገጥመው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እያንዳንዱን ሰው ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ያልፈቀደውን ይተዉ።

ደረጃ 4፦ መንግሥት ራሱ የጻፈውን ይያዙ

የእርስዎን ቀኖች የሚያነጻጽሩበት የመንግሥት ቃል ያስፈልግዎታል። የዓመቱ የበጀት አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። የሚኒስቴሩ ዓመታዊ ዕቅድና የአፈጻጸም ሪፖርት ለኮሚቴው ይቀርባል። ዋና ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ከሒሳብ ኦዲት ሌላ የክዋኔ ኦዲትም (ሥራው በአግባቡ መከናወኑን የሚመረምር ኦዲት) ይሠራል። በጉዳይዎ ላይ የክዋኔ ኦዲት ግኝት ካገኙ ደብዳቤዎን በእሱ ይጀምሩ፤ ሚኒስቴሩ የእርስዎን ሠንጠረዥ ማጣጣል ቢችል እንኳ የኦዲተሩን ግኝት ማጣጣል ይከብደዋል።

ሰነዱ በይፋ ካልተገኘ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የጽሑፍ ጥያቄ ያስገቡ። የሚፈልጉትን ሰነድ በስም፣ በዓመትና በሩብ ዓመት ይጥቀሱ፤ «ስለ ሴፍቲኔት ያላችሁን መረጃ ሁሉ» ብሎ መጠየቅ እምቢታን መጋበዝ ነው። አዋጁ ለምላሽ 30 ቀን ስለሚፈቅድ ይህን ሥራ መጀመሪያ ያስጀምሩትና ደረጃ 3ን ጎን ለጎን ይሥሩ።

*መልስ ካልመጣ፦* የጠየቁበትን ደብዳቤ ቅጂ ከነገቢ ቁጥሩ አባሪ ያድርጉት። ከዚያም «ሚኒስቴሩ ይህን ሰነድ ለኮሚቴው እንዲያቀርብ ቢጠየቅ» የሚል አንድ መስመር በጥያቄዎችዎ ውስጥ ይጨምሩ።

ደረጃ 5፦ ጥያቄውን ይቅረጹ

ብዙ ሰው የሚጽፈው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦

«የሴፍቲኔት ክፍያ ለምን ይዘገያል? መንግሥትስ ችግሩን ለመፍታት ምን እያደረገ ነው?»

የዚህን መልስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ «ውስንነቶች ቢኖሩም ችግሩን ለመቅረፍ ከባለድርሻ አካላት ጋር በትኩረት እየተሠራ ይገኛል።» ጥፋቱ የመላሹ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ለዚህ መልስ የተመቸ ነበር። በምትኩ እንዲህ ይጻፉት፦

«ለጥር፣ ለየካቲትና ለመጋቢት ወራት ክፍያ ገንዘብ ከፌዴራል የተለቀቀበት፣ ክልሉ ለወረዳዎች ያስተላለፈበትና ለተጠቃሚዎች የተከፈለበት ቀን በየወሩ ተለይቶ ይገለጽ። በዕቅዱ ከተቀመጠው ጊዜ ያለፈው በየትኛው እርከን ላይ ነው? ሚኒስቴሩ መዘግየቱን ያወቀው መቼ ነው? ባወቀ ጊዜስ ለማን በጽሑፍ አሳወቀ?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ በኋላ ሊመረመር ይችላል። ጥያቄ ሲቀርጹ እነዚህን ይጠብቁ፦

- ከአምስት ጥያቄ አይብለጡ። የኮሚቴ አባል ለመናገር የሚያገኘው ደቂቃ ውስን ነው፤ አሥር ጥያቄ ከሰጡት የሚመርጠው ቀላሉን ነው።
- በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር የሚደግፈውን የሠንጠረዥ ረድፍ ወይም አባሪ ቁጥር ይጥቀሱ።
- የሚኒስትሩን ዝንባሌ አይጠይቁ፤ ድርጊቱን ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን እንዲረዳ ያዛል። ብዙ አመልካቾች ይህን አንቀጽ በደማቁ ጽፈው ያበቃሉ፤ መላሹም «አቅም በፈቀደው መጠን» የምትለዋን ሐረግ ይዞ ያመልጣል። ስለ አቅም መኖር አለመኖር አይከራከሩ። የነበረው አቅም እንዴት እንደተከፋፈለ ይጠይቁ፦ ለዚህ ርእስ ስንት ተመደበ፣ ስንት ሥራ ላይ ዋለ፣ ሳይሠራበት የተመለሰ ገንዘብ አለ ወይ? ተመላሽ ገንዘብ ባለበት «አቅም የለም» የሚለው መልስ አይቆምም።

ደረጃ 6፦ ሰነዱን ይጻፉ

ከአራት ገጽ አይብለጥ፤ አባሪው ለብቻው ይሁን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማን እንደሆኑ በሁለት መስመር፣ ግኝቱን በአንድ አንቀጽ፣ ጥያቄዎቹን በዝርዝር ያስቀምጡ፤ ብዙ አንባቢ ከዚያ ገጽ አያልፍም። ቀጥሎ የቀን ሠንጠረዡን፣ ከዚያ የታችኛው የቅሬታ መንገድ ምን እንዳስከተለ፣ በመጨረሻ ኮሚቴው እንዲያደርግ የሚጠይቁትን ይጻፉ። የሚጠይቁትም በኮሚቴው ሥልጣን ውስጥ ያለ ይሁን፦ በቀጣዩ የሪፖርት ግምገማ ላይ ጥያቄው እንዲነሳ፣ የመስክ ምልከታ ሲደረግ የተጠቀሱት ወረዳዎች እንዲካተቱ፣ ሰነድ እንዲቀርብ።

ስድብ፣ ግምትና የፓርቲ ፖለቲካ ከሰነዱ ይውጡ። በስም የሚከሱት ባለሙያ ካለ የሥራ ድርሻውን ብቻ ይጻፉ። «ከፍተኛ»፣ «አሳሳቢ»፣ «እጅግ ብዙ» የሚሉ ቃላት ባሉበት ሁሉ ቁጥር ሊተካ ይችል እንደሆነ ይሞክሩ፤ ካልቻለ ቃሉን ይሰርዙ።

ደረጃ 7፦ ጊዜውን ይምረጡ

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖር ይችላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሚኒስቴሮች የመንፈቅ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ከጥር መጨረሻ በኋላ፣ የዘጠኝ ወሩ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት ይገመገማል። ለግምገማው ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የደረሰ ሰነድ ይነበባል፤ በማግስቱ የደረሰ ግን እስከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይተኛል። የጠየቁት የበጀት ለውጥ ከሆነ ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ከመምጣቱ በፊት፣ ማለትም ከግንቦት አጋማሽ ሳያልፍ፣ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ብቻ ሳይሆን ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም ያስገቡ። ሰኔ ላይ ስለ በጀት መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው።

ደረጃ 8፦ ያስገቡ፣ ያስመዝግቡም

ሰነዱን በምክር ቤቱ መዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲጻፍበት፣ ማኅተም እንዲደረግበት ይጠይቁ፤ ያለ ገቢ ቁጥር የተሰጠ ወረቀት አልተሰጠም ማለት ነው። አንድ ግልባጭ ለአካባቢዎ ተመራጭ ይስጡ። የእርስዎ ተመራጭ የዚያ ኮሚቴ አባል ባይሆንም በዕረፍት ጊዜ ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመጣ በአካል ሊያገኙት ስለሚችሉ አዲስ አበባ ከመመላለስ ይሻላል።

ለሚኒስቴሩ ግልባጭ ላድርግ ወይስ አላድርግ የሚለው ያከራክራል። በእኔ እምነት ማድረጉ ይሻላል። አስቀድሞ ያየው ጥያቄ ስለሆነ ሚኒስቴሩ «መረጃው አሁን በእጃችን የለም» ማለት ያቅተዋል።

*ሰነዱ ጠፋ ከተባሉ፦* የገቢ ቁጥሩን ጠቅሰው ሁለተኛ ቅጂ በዚያው ቀን ያስገቡ። ለመሟገት ጊዜ አያጥፉ።

ደረጃ 9፦ መድረክ ላይ ከተጠሩ

ኮሚቴው የአስረጂ መድረክ ወይም ይፋዊ ውይይት ሲያዘጋጅ ሊጋበዙ ይችላሉ። ሦስት ደቂቃ እንደሚሰጥዎ አስበው ይዘጋጁ፦ አንድ ግኝት፣ አንድ የሠንጠረዥ ረድፍ፣ አንድ ጥያቄ። «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁን» በሚለው ምስጋና ላይ ግማሹን ደቂቃ አይጨርሱ። ተጠቃሚ ይዘው ከሄዱ መናገር እንደሚፈልግ ከልብ ያረጋግጡ፤ ቴሌቪዥን ካሜራ እንደሚኖርም አስቀድመው ይንገሩት።

*የማያውቁት ጥያቄ ከቀረበልዎ፦* «በጽሑፍ እናቀርባለን» ይበሉና ቀን ይቁረጡ፤ በቀኑም ያቅርቡ። በግምት የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ቀሪውን ማስረጃ ሁሉ ያስጥላል።

ደረጃ 10፦ ከመልሱ በኋላ

የምክር ቤቱ ስብሰባዎች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ለሕዝብ ግልጽ ናቸው፤ በርካታ ውይይቶችም በመገናኛ ብዙኃን ይዘገባሉ። ሚኒስትሩ ወይም ተወካዩ የሰጡትን መልስ ቃል በቃል ይጻፉ፤ የኮሚቴውን ግብረ መልስም ከጎኑ ያስፍሩ። ከዚያ መልሱን ከሦስቱ በአንዱ ይመድቡ፦ ቀንና ቁጥር ያለው ቃል፣ አጠቃላይ ተስፋ፣ ወይም ዝምታ።

ቀን ያለውን ቃል በቀጠሮው ቀን በራስዎ ወረዳዎች ያጣሩ። ተፈጽሞ ከሆነ ይህንንም ለኮሚቴው በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ኮሚቴዎች የሥራቸውን ውጤት እምብዛም ስለማይሰሙ የሚቀጥለው ደብዳቤዎ በተለየ ዓይን ይታያል። አጠቃላይ ተስፋ ከሆነ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የተሰጠውን መልስና የአሁኑን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አድርገው ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ግምገማ ያስገቡ። ዝምታ ከሆነ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጉዳዩ በዕቅዳቸው ተይዞ እንደሆነ በገቢ ቁጥሩ ይጠይቁ።

የምርጫ ዘመን ሲያልቅ ኮሚቴው ይበተናል፤ አዲሶቹ አባላት የቀድሞውን ማኅደር ያነባሉ ብለው አይጠብቁ። አዲሱ ምክር ቤት ኮሚቴዎቹን እንዳዋቀረ የሰነዱን የመጀመሪያ ገጽ፣ የቀድሞውን ግብረ መልስና የታደሰውን የቀን ሠንጠረዥ በአዲስ የገቢ ቁጥር እንደገና ያስመዝግቡ።